አምስት ምግብ ብቻ ለሚበላ ልጅ

ጥያቄ፦ «ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን በ3 ዓመቱ ነው። የሚበላው አምስት ነገር ብቻ ነው፦ የዳቦ ቅርፊት፣ ምንም ያልነካው ፓስታ፣ የድንች ጥብስ፣ አንድ ዓይነት ብስኩትና ወተት። ወተቱን በጡጦ በቀን ሊትር ያህል ይጠጣል። እስከ ሁለት ዓመቱ እንጀራ በሽሮ ይበላ ነበር፤ ከዚያ ተወው። አብራን የምትኖረው እናቴ ይዛ ስታጎርሰው ያስመልሰዋል። ባለቤቴ ‹ዳቦውን ከልክዪው፣ ሲርበው ይበላል› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ዳቦና ወተት ቢያቆም ኦቲዝሙም ይሻለዋል አለችኝ። እኔ እንቁላል ወተቱ ውስጥ መትቼ ልደብቅለት አስቤያለሁ። ክብደቱ ጥሩ ነው። እንጀራና ወጥ እንዲበላ ምን ላድርግ?» አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

ምላሽ፦ ዳቦውን አትከልክዪው። ወተቱን ባንዴ አታቋርጪ። እንቁላሉንም ወተቱ ውስጥ አትደብቂው። ሐሳቦቹ የመጡት ልጁን ከሚወዱ ሰዎች እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሦስቱም አሁን ያሉትን አምስት ምግቦች ወደ ሦስት ሊያወርዷቸው ይችላሉ። አምስት ደግሞ አሁኑኑ በጣም ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ሥራሽ አዲስ ምግብ መጨመር ሳይሆን ያሉትን አምስቱን መጠበቅ ነው።

«ሲርበው ይበላል» የሚለው ነገር ለብዙ ልጆች ይሠራል። ምሳውን የተወ ልጅ መክሰስ ላይ ያካክሳል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ረሃብን፣ ጥማትን፣ ሽንት መምጣቱን ጭምር እንደኛ ለይተው አይሰሙትም። አንድ የሚረብሽ ነገር ሰውነታቸው ውስጥ ይሰማቸዋል፤ ያ ነገር ረሃብ መሆኑን ግን አያውቁም። ረሃቡ ቢሰማው እንኳ ፊቱ የቀረበው ነገር በእሱ ዓይን ምግብ መሆን አለበት። አንቺ ምንም ቢርብሽ ሳሙና አትበይም። ለልጅሽ ወጥ የነካው እንጀራ አሁን እንደዚያ ነው። ስለዚህ ይህ እልህ አይደለም። ቅብጠትም አይደለም። አንቺም ያበላሸሽው ነገር የለም። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የአመጋገብ ችግር ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች 5 እጥፍ ገደማ ይበዛል።

እስቲ አምስቱን ምግቦች ደርድሪና እያቸው። ብስኩቱ ዛሬም ነገም አንድ ነው። መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ሲነከስ የሚያሰማው ድምፅ አይለወጥም። የዳቦው ቅርፊትና የድንች ጥብሱ ደረቅ ናቸው፣ ይቆረጠማሉ። ፓስታው ለስላሳ ቢሆንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው ነው። አንዱም ውስጥ የተደባለቀ ነገር የለም። ልጅሽ የሚመርጠው አስቀድሞ የሚያውቀውን፣ ያልተጠበቀ ነገር የማያመጣበትን ምግብ ነው።

አሁን እንጀራን አስቢው። የማክሰኞው እንጀራ የዓርቡ አይደለም። በየቀኑ መኮምጠጡ ይጨምራል። ጠርዙ ደርቆ መሃሉ ለስልሶ ይቆያል። ወጥ ሲነካው ደግሞ ይርሳል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሽሮውም እንዲሁ ነው። ዛሬ ወፍራም፣ ነገ ቀጭን። አንዴ ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቷል፣ አንዴ ቁራጩ ጥርስ ስር ይገባል። ጾም ሲገባ ቅቤው ቀርቶ በዘይት ይሠራል። ለእኛ ያው ሽሮ ነው። ሽታንና ልስላሴን ከእኛ አብልጦ ለሚሰማ ልጅ ግን በየቀኑ አዲስ ምግብ ነው። እኔ ይህን ሳስብ የሚገርመኝ እንጀራ መተዉ ሳይሆን እስከ ሁለት ዓመቱ መብላቱ ነው።

ለምን በሁለት ዓመቱ ተወው? በዚያ ዕድሜ አካባቢ ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆችም አዲስ ምግብ መፍራት ይጀምራሉ። አብዛኞቹ ያልፉታል። ኦቲዝም ሲኖር ግን ፍርሃቱ ይቆያል፣ አንዳንዴም ይሰፋል። አንድ ክፉ አጋጣሚም ሊበቃ ይችላል፤ ትን ያለው ቀን፣ የሚያቃጥል ሽሮ፣ ታሞ ያስመለሰበት ሳምንት። ችግሩ ሲበረታ የራሱ የሕክምና ስም አለው፤ አርፊድ ይባላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ የገባው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሐኪሙ ይህን ስም ቢጠቅስልሽ አትደንግጪ። ችግሩ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ስም ነው።

ክብደቱ ጥሩ መሆኑ ደስ ይላል፤ ግን አያዘናጋሽ። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ድንችና ወተት ክብደት ይይዛሉ። በቂ ብረት፣ ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ሲ ግን ከእነሱ ላይገኝ ይችላል። በጣም ጥቂት ምግብ ብቻ የሚበሉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ክብደታቸው ሳይቀንስ በቫይታሚን ሲ እጥረት ድዳቸው ሲደማ፣ እግራቸውን አሟቸው መራመድ ሲያቆሙ ታይቷል። በቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይናቸው የተጎዳም አሉ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ሚዛኑ ብቻውን እንደማይበቃ እንድታውቂ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ወተቱ ነው። ሊትር ወተት የአምስት ዓመት ልጅን ሆድ ይሞላል። ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከሌላ ምግብ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዲገባም አያግዝም። ሆድም ሊያደርቅ ይችላል። ብረት ሲያንስ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ስለዚህ ልጁ ወተት ስለሚጠጣ አይበላም፣ ስለማይበላ ወተት ይጠጣል። በቀን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ወደዚያ ለመድረስ በየሦስት ቀኑ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ቀንሺ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትደርሺያለሽ። ጡጦውን ለጊዜው ተዪው። መጠኑንና ዕቃውን ባንድ ጊዜ ከቀየርሽበት ወተቱን ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ መተኛቱን ግን አስቁሚ፤ ጥርስ ያበሰብሳል። ሻይ የሚጠጣ ከሆነም ከምግብ ጋር አይሁን፤ ሻይም ብረት እንዳይገባ ያግዳል።

ምንም ከመጀመርሽ በፊት የሕፃናት ሐኪም ጋር ውሰጂው። ሙሉ የደም ምርመራ ይደረግለት፤ የብረት ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲንም ቢታይ ጥሩ ነው። ሰገራውም ይመርመር። ጃርዲያና የአንጀት ትላትል እኛ አገር የተለመዱ ናቸው፣ እነሱም ፍላጎት ይዘጋሉ። ጥርሱና ጉሮሮው ይታይ። የሆድ ድርቀት ካለበት እሱ መጀመሪያ ይታከም፤ ሆዱ ለደረቀ ልጅ ምግብ ማስለመድ ከንቱ ድካም ነው። መናገር የሚቸገር ልጅ ጥርሱን ሲያመው «አመመኝ» አይልም። አፉን ይዘጋል። እኛ ደግሞ «አልበላም አለ» እንላለን።

የጎረቤትሽን ምክር በተመለከተ፣ ስንዴና ወተት ማቆም ኦቲዝምን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የስንዴ ወይም የወተት አለርጂ፣ ወይም ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ልጅ ሌላ ነገር ነው። እሱ በምርመራ ይታወቃል። ያለ ምርመራ ይህን ምክር ብትከተዪ ለልጅሽ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ብስኩቱና ወተቱ ሄደው ድንች ብቻ ይቀረዋል። አታድርጊው።

መደበቁም እንደዚሁ ነው። ሽታ እንዲህ የሚሰማው ልጅ እንቁላሉን ያገኘዋል። ሲያገኘው እንቁላሉን ብቻ አይጠላም፤ ወተቱን ማመን ያቆማል። ጥሬ እንቁላል ከሆነ ደግሞ በራሱ ለበሽታ ያጋልጣል። መድኃኒትም ቢሆን ከአምስቱ ምግቦች በአንዱ ውስጥ አትጨምሪ። በማንኪያ፣ እያየ፣ ምን እንደሆነ እየነገርሽው ስጪው። ከባድ ነው፤ ግን ምግቡን አያስጠላውም።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ይዞ ማጉረሱ ዛሬውኑ ይቁም። እያለቀሰ የተጎረሰ ልጅ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ይችላል። ማስመለሱም የውሸት አይደለም፤ ጉሮሮው ራሱ ነው የሚገፋው። በየጊዜው እንዲህ ከሆነ የምግብ ሰዓት ማለት ለእሱ የፍርሃት ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሰሃን ሲያይ ብቻ መሸሽ ይጀምራል።

ግን እናትሽን አታስቀይሚያቸው። ጉርሻ ፍቅር ነው። አንቺንም ያሳደጉሽ እንዲህ ነው። ችግሩ፣ ለዚህ ልጅ ጉርሻ ማለት ውስጡ ምን እንዳለ ያላየው፣ ተጠቅልሎ በሰው እጅ ወደ አፉ የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ ጉርሻውን አትከልክሏቸው፣ አዙሩት። እሱ ያጉርሳቸው። እሳቸው አፋቸውን ይክፈቱ። እሱ ትንሽ እንጀራ ቆርሶ አፋቸው ውስጥ ያድርግ። ከዚያ «እሰይ፣ እደግልኝ» ብለው ይመርቁት። በዚህች ጨዋታ ልጁ እንጀራ ነካ፣ ቆረሰ፣ አሸተተ። ማንም ግን «ብላ» አላለውም። እርጥብ ነገር መንካት ካስጠላው በዳቦ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ደረቅ እንጀራ እለፉ። ብዙ ቤቶች ውስጥ ይህን መክሬ ልጁን ብቻ ሳይሆን አያትየውንም ሲያረጋጋ አይቻለሁ። የሚሠሩት ሥራ አገኙ።

የምግብ ሰዓቱን ደግሞ ሥርዓት አስይዢው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራትና ሁለት መክሰስ፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይኑር። በመሃል ውኃ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ብስኩት እየቆረጠመ የሚዞር ልጅ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ረሃብ የሚባል ነገር የለውም። እግሩ መሬት ወይም በርጩማ ላይ ይረፍ፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሰውነቱን ሲያመቻች ምግቡን ይረሳል። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ አታስጨንቂው፣ አንሺው። ቤቱ ሽንኩርት ሲቁላላ ወይም ዕጣን ሲጨስ ቢሸሽ አይግረምሽ። መጀመሪያ እሱ ይብላ፣ ከዚያ ወጡን አሙቂ። ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ፣ ግን ከትሪው እንዲበላ አታስገድዱት፤ የራሱ ሰሃን ይኑረው። ስልክ እያየ የሚበላ ከሆነም ባንዴ አትንጠቂው። እሱን ለኋላ እናቆየው።

በየማዕዱ ቢያንስ አንድ የሚያውቀው ምግብ ሰሃኑ ላይ መኖር አለበት። ይህን ሕግ በምንም ምክንያት አታፍርሺው። ከጎኑ ሌላ ትንሽ ሰሃን አስቀምጪ። እዚያ ላይ አዲሱ ነገር ይቀመጣል፤ የምስር ፍሬ የምታክል ትሁን። መብላት የለበትም። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ መኖሯን ይቻል። ቀጥሎ ይያት፣ ይንካት፣ ያሽትታት፣ ከንፈሩ ላይ ያድርጋት፣ ይላሳት፣ ነክሶ ይትፋት። መትፋት ይፈቀድለት። መትፋት የሚችል ልጅ ለመሞከር ይደፍራል። ኦቲዝም የሌለበት ልጅ እንኳ አዲስ ምግብ ለመልመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሊያስፈልገው ይችላል። ለልጅሽ ከዚያ በላይ አስቢ። ሦስት ቀን ሞክረሽ «አልወደደውም» ካልሽ ገና አልጀመርሽም።

«አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ስትል» አትበይው። «ይሄን ካልበላህ ብስኩት የለም» ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ስለ ምግቡ ብቻ ተናገሪ፦ «ይሄ ይቆረጠማል። ይሄ ቢጫ ነው።» አዲስ ደረጃ ሲደርስ የሚወደውን ነገር ስጪው፤ የሳሙና አረፋ ይነፋ፣ በውኃ ይጫወት፣ መኪናውን ይውሰድ። ሽልማቱ ምግብ አይሁን።

አዲሱ ምግብ ከየት ይምጣ? ከሚበላው። ከሚያውቀው ምግብ ተነስተሽ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ወይ ቅርጹን፣ ወይ ቀለሙን፣ ወይ ጣዕሙን፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይደለም። እኔ በድንቹ እንድትጀምሪ ነው የምፈልገው። ዛሬ እንደምትቆርጪው ቆርጠሽ ጥበሺ። በሚቀጥለው ሳምንት ጥቂቱን ወፈር አድርጊ። ያን ሲቀበል በዚያው ቅርጽ የተቆረጠ አንድ ፍሬ ስኳር ድንች በትንሹ ሰሃን ላይ ይቀመጥ። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ካገኘሽ እሱ ቫይታሚን ኤ አለው፤ ግን ቀለሙ ስለሚለወጥ መጀመሪያ በነጩ እለፊ። ከዚያ ያው ቅርጽ ያለው የተጠበሰ ካሮት። ይህ አንድ መንገድ ወራት ሊወስድ ይችላል። ይውሰድ።

ሁለተኛው መንገድ ዳቦው ነው። ከቅርፊቱ ወደ ተጠበሰ ቀጭን ዳቦ፣ ከዚያ ወደ ደረቅ ቂጣ። እንቁላሉን የምታገኚውም እዚህ ነው። ዳቦ ስታቦኪ አጠገብሽ ቁጭ ይበል። እንቁላሉ ሲሰበር ይየው፣ ሊጡን ይንካው። ይህ መደበቅ አይደለም፤ ዓይኑ እያየ ነው። መጀመሪያ ግን የለመደው ዳቦ እቤት ውስጥ ይኑር፤ ባይቀበለው የሚመለስበት እንዳያጣ።

እንጀራውስ? እንጀራ ሦስተኛ ይመጣል፣ በድርቆሽ በኩል። ልጅሽ የሚቆረጠም ነገር ይወዳል፤ ድርቆሽ ይቆረጠማል። ብዙ ካልኮመጠጠ አፍለኛ እንጀራ አዘጋጂ። በትንንሹ ቆርጠሽ አድርቂው፣ ምንም አትቀቢው፣ ምጣድ ላይ እስኪከር ድረስ አሙቂው። መልኩና ድምፁ ከብስኩቱ ብዙ አይርቅም። ያን ከተቀበለ በየሳምንቱ ድርቀቱን ትንሽ በትንሽ ቀንሺለት። ወጡ ግን የዘንድሮ ግባችን አይደለም። ይህን በግልጽ ልንገርሽ የምፈልገው፣ «እንጀራ በወጥ ካልበላ አልበላም» የሚለው ሐሳብ ቤታችሁን ሁሉ ስላስጨነቀ ነው። ልጅ ካሮት፣ እንቁላል ያለበት ዳቦና ሙዝ በልቶ ጤነኛ መሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብስኩቱን ከማሸጊያው አውጥተሽ ክዳን ባለው ተራ ዕቃ ውስጥ አድርጊ፣ ከዚያ ስጪው። ፋብሪካው ማሸጊያውን የቀየረ ቀን ብስኩቱን ሊተወው ይችላልና። አንዱን ምግብ በተከታታይ ማዕድም አትስጪ፣ አፈራርቂ፤ ደጋግሞ የበላውን ሰልችቶት ለዘለቄታው ሊጥለው ይችላል። ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነም መምህሯ የምሳ ዕቃውን አስገድዳ እንዳታስጨርሰው ንገሪያት። ቤት የገነባሽው እዚያ እንዳይፈርስ።

አዲስ ምግብ እስኪገባ ድረስ ቫይታሚን ሊያስፈልገው ይችላል። ዓይነቱንና መጠኑን ምርመራውን ያየው ሐኪም ይወስን። በተለይ ብረት በግምት አይሰጥም። ከመጠን ያለፈ ብረት ለልጅ መርዝ ነው፤ ጠርሙሱ ተቆልፎ ይቀመጥ። ጾም ላይ ብትሆኑም እሱ ሰባት ዓመት አልሞላውም፣ አይመለከተውም፤ ወተትና እንቁላል አይከልከል። ለውዝና ፈንዲሻ ደግሞ ምግብ ጉንጩ ውስጥ የሚያቆይ ወይም ሳያላምጥ የሚውጥ ልጅ ከሆነ አትስጪው፣ ያንቀዋል።

እነዚህን ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፦ ድዱ ከደማ፣ እግሩን ካመመው ወይም መራመድ ከተወ፣ ማታ ማታ ማየት ከከበደው፣ ሲበላ ደጋግሞ ትን ካለው ወይም ካሳለው፣ ክብደቱ ከቀነሰ። አፈር፣ ከሰል ወይም የግድግዳ ቀለም መብላት ከጀመረም የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ለሐኪሙ ንገሪው። መጠጥ ጭምር እምቢ ብሎ ሽንቱ ከቀነሰ ያኑኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።

ልናገኘው የምንችለውን ውጤትም ልንገርሽ። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ምግብ ከጨመረ በጣም ጥሩ ሄዷል ማለት ነው። አንዳንድ ልጆች አድገውም መራጭ ሆነው ይቀራሉ፤ ያ የአንቺ ጥፋት አይሆንም። ማኘክ ወይም መዋጥ የሚቸግረው ከሆነ ይህ ሁሉ ብቻውን አይበቃም፤ የንግግርና የመዋጥ ችግር የሚያክም ቴራፒስት ሊያየው ይገባል። ባለሙያው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጆይና ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት ጠይቂ። ተራው ቢረዝምም ተመዝገቢ፤ ይህን መንገድ የሄዱ ሌሎች ወላጆችን ማግኘት በራሱ ትልቅ እርዳታ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ይዞ አያጉርሰው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋር ሂዱ። ምርመራው እስኪወጣ ወተቱን ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ሊትር አውርጂ፣ የምግብ ሰዓቱን አስተካክዪ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድንቹን ጀምሪ፤ ድንቹን ብቻ። አባቱ አንድ ደብተር ይያዝ። ማታ ማታ አንድ መስመር ይጻፍ፦ «ዛሬ አየው»፣ «ዛሬ ነካው»፣ «ዛሬ ላሰው»። የበላውን ብቻ ከቆጠራችሁ ልጁ የሄደውን መንገድ አታዩትም። ስምንት ሳምንት አልፎ ደብተሩ ላይ ምንም ለውጥ ከሌለ ወይም ከአምስቱ አንዱን እንኳ ከተወ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።